የጊች ሪዲም አራተኛ ድምፅ

ደባርቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ባርናባስ፣

ሁላችንም ደህና ነን፤ እኔም፣ እማዬም፣ አባዬም። የአማርኛ አስተማሪያችን «ደብዳቤ ስትጽፉ የቤቱን ሰው ሁሉ በየስሙ ጥሩ፤ ያልተጠራ ካለ አንባቢው ይደነግጣል» ይሉን ነበር። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጠውም ይህችን አልረሳኋትም።

የጠየቅከውን ልኬልሃለሁ። በክብሪት ቀፎው ውስጥ ያለችው ሚሞሪ ናት። ሹፌሩ ጋሼ ይታያል አዲስ አበባ ድረስ ይዟት ይሄዳል፣ ከዚያ ለሻሸመኔ ሹፌር ይሰጣታል። ዳታ ከጠፋ ቆይቷል። በስልክ ደግሞ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ «ሃሎ» ካልኩ በኋላ የሚባለው ይጠፋብኛል። በወረቀት ይሻለኛል።

«አባዬ በቅሎ እየነዳ ወደ ጊች ሲወጣ የሚያንጎራጉራትን ቅጂልኝ» ማለትህን ስነግረው ሳቀ። «እኔ አዝማሪ ነኝ? ሻሸመኔ ድረስ የሄደው ለዚህ ነው?» አለ። ሦስት ቀን እምቢ አለኝ። በአራተኛው ቀን እኔ ድንች እየላጥኩ፣ እሱ አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ ራሱ ጀመራት። ስልኩን ከመደቡ ሥር ሸሽጌ ቀዳሁት። ቃል እንደሌላት ታውቃለህ፤ «እህህም… እህም» ብቻ ናት። አራት እርምጃ ትሄዳለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ አራት። መሐል ላይ አስሎታል። እንደቀዳሁት ሲያውቅ ተቆጣኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን «በይ ሳሉን ይቁረጥልኝ በይው፤ ሰው የታመመ ሽማግሌ ይመስለዋል» አለኝ።

እውነቱን ንገሪኝ ላልከው፣ ታሟል። ከጊች ወርደን ደባርቅ ከሰፈርን ወዲህ ደረቱ ተሽሎት አያውቅም። እሱ «የዚህ አገር አየር ወፍራም ነው፣ አይዋጥም» ይላል። በቅሎዋን ዳማን ቡይት ራስ ወስዶ ለቱሪስት የሚያሠራት የአጎታችን የቄስ ኪዳኑ ልጅ ነው። ጋጣዋ ባዶውን ቀርቷል።

መቼ እንደምትመጣ በየቀኑ ይጠይቀኛል። እኔም «ጽፌለታለሁ» እለዋለሁ። እንዳልዋሽ ይኸው ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ስጦታ

ሻሸመኔ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣ ስጥዬ፣

ዘግይቼ መጻፌን እንደ ወትሮው ይቅር በይኝ። ሚሞሪዋ ደርሳኛለች። ስቱዲዮ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርገን ለቀቅነው። እዚህ ፍቅረ ሥላሴ የሚባል አንጋፋ ዘፋኝ አለ፤ ወላጆቹ ከጃማይካ መጥተው የቀሩ፣ ጸጉሩ ተገምዶ ወገቡ ድረስ የሚወርድ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና «እኚህ ሰውዬ ሬጌ ሰምተው ያውቃሉ?» አለኝ። «በዕድሜያቸው የሰሙት ቅዳሴና የበቅሎ ኮቴ ነው» አልኩት። «በቅሎዋ ናት እንግዲያው ያስተማረቻቸው» አለ።

እማዬ «ሪዲም የምትለው ምንድን ነው?» ብላኝ ነበር። እንዲህ ብለሽ አስረጂልኝ። ሪዲም ድምፅ ያልገባበት ሙዚቃ ነው፤ ቤዝና ድራም። ቤዙን የምጫወተው እኔ ነኝ። የአባዬን እንጉርጉሮ እንዳለች ወደ ቤዝ አመጣኋት፣ ከሥሯም የራሱን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ለቀቅኩት። ሳሉን እንዳለው ቆርጬለታለሁ። እንግዲህ በዚህ በአንዱ ሪዲም ላይ ብዙ ዘፋኝ ይገባበታል። ሁሉም የየራሱን ግጥም፣ የየራሱን ጉዳይ ይዘፍናል፤ ሙዚቃው ያው ነው። የሬጌ ልማድ ነው፣ ማንም «የኔ ብቻ ነው» አይልም። ስሙን «ጊች» ብዬዋለሁ።

አራት ድምፅ ይኖረዋል። አንደኛው ፍቅረ ሥላሴ ነው። ሁለተኛዋ ሲሲ የምትባል የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፣ ሦስተኛው ሰዓድ ነው። አራተኛዋ አንቺ ነሽ።

አትደንግጪ! ዕቃ ስታጥቢ ስታዜሚ የማልሰማ ይመስልሽ ነበር? ለአባዬ የሚሆን ግጥም ጻፊ፤ በሪዲሙ ላይ ቀድተሽ ላኪልኝ። ሚሞሪዋን መልሼ ልኬልሻለሁ፤ ሪዲሙ በላይዋ ሁለተኛው ፋይል ነው። ቦታሽን ለማንም አልሰጥም፣ አባቴ ይሙት!

ለፋሲካ እመጣለሁ በይልኝ።

ባርናባስ

ደባርቅ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እኔም፣ እማዬም፣ አባዬም ደህና ነን። አባዬ የሚለውን «ደህና» ነው የጻፍኩልህ፣ የኔን አይደለም።

ሰምቶ ምን እንዳለ ልንገርህ። ኢርፎኑን አንዱን በሱ ጆሮ፣ አንዱን በኔ አደረግን። እስኪያልቅ ሰማ። ከዚያ ፊቱን ወደኔ አዙሮ «አንደኛው እግር የት ሄደ?» አለኝ። አልገባኝም። «በቅሎዋ ታነክሳለች እኮ! የፊተኛውን እርምጃ ሳትረግጥ ነው የምትነሣው» አለ። ደግሜ ስሰማው እውነቱን ነው። ሌላው ዘፈን አንድ ብሎ የሚመታበት ቦታ ላይ ያንተ ድራም ዝም ይላል፤ ባዶ ነው፤ እግር የሚጠብቅ ሰው ይወድቃል። እማዬ «ልጅህ እኮ ነው የሠራው» ብትለው «እንግዲያማ ታንክስ፣ ብቻ ትድረስ» አለ። ደግመን ደግመን ሰማነው። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ አብሮ ይሄድ ነበር።

«አንድ ሙዚቃ፣ ብዙ ዘፋኝ» ያልከው ለኔ አዲስ አልሆነብኝም። ለቅሶ ቤትስ እንደዚያ አይደል? ዜማው አንድ ነው። አንዷ አልቃሽ ግጥሟን ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል፤ ደግሞ ሌላዋ ትነሣና በዚያው ዜማ የራሷን ሟች ታለቅሳለች። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ሕመምተኛ ባለበት ቤት ለቅሶ አይጠራም!» ብላ በእርጥብ እጇ አፌን ያዘችው።

ግጥሙን ጀምሬዋለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ለማንበብ ስጠራ መጽሐፉን ፊቴ ላይ ከልዬ እቆም ነበር፤ ድምፄ ለመጀመሪያው ወንበርም አይደርስም ነበር። ከዚያ ወዲህ «ተራሽ ነው» ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አንተ ስላልከኝ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አባዬ በየቀኑ «ያንቺስ መቼ ነው? ሳልሰማው አልሞትም» ይለኛል። እየቀለደ ነው። እኔ ግን ግጥሙን ለመጨረስ አንድ ቀን እቸኩላለሁ፣ አንድ ቀን ሆን ብዬ እተወዋለሁ። ከሰማውስ በኋላ?

ስጦታ

የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ወንድም ጋሼ፣

ይህንን አልልከውም። ለመጻፍ ብቻ ነው።

አባዬ የካቲት 7 ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈ። የኔን ድምፅ አልሰማውም። ሁለት ስንኝ ቀርቶኝ ነበር። ጠዋት ላይ «ዛሬስ?» ቢለኝ «ነገ» አልኩት።

ከቀብር እንደተመለስን ወረቀት ሳወጣ አጎታችን ቄስ ኪዳኑ አዩኝ። «ለማን ልትጽፊ ነው?» አሉኝ። «ለባርናባስ» አልኩ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። «መርዶ በደብዳቤ? ምን ነካሽ ልጄ! ብቻውን ሆኖ አንብቦ ራሱን ቢጥል ማን ይይዘዋል? መርዶ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ግራና ቀኙን ይዞት ነው የሚነገረው። እኔው ራሴ እሄዳለሁ» አሉ። መንገዱ ግን ዝግ ነው። ሰውም መኪናም ጎንደርን አያልፍም። «እስኪከፈት ድረስ እንግዲህ አባቱ ደህና ነው» አሉ። እንደዚህ ነው ያሉት። ሲሙንም ከስልኩ አውጥተው በኪሳቸው ከተቱት። «ቢደውል ድምፃችሁ ያሳብቃል።» ቀፎው እኔ ጋ ቀረ።

እውነታቸውን ይሆናል። እማዬም «እንደሳቸው ይሁን፣ ሌላ ልጅ የለኝም ወንድ» አለች። እኔ ግን በየቀኑ አንተ የምትስቅ ይመስለኛል፣ ቤዝህን ይዘህ፣ በሱ ድምፅ ላይ። እዚህ ድንኳኑ ፈርሷል፤ አልጋው ወጥቷል። አልቃሾቹ ሲያለቅሱ አንድም ቃል አልወጣኝም። አንዷ «ይቺ ልጅ አባቷን አትወደውም እንዴ?» ስትል ሰማኋት።

ብዙ አላሰብኩም። አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ደብዳቤ አይሆንም ብለዋል። ስልክ አይሆንም ብለዋል። ስለ ሪዲም ምንም አላሉም።

ደባርቅ፣ መጋቢት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እኔም እማዬም ደህና ነን።

ጋሼ ይታያል ከስንት ጊዜ በኋላ ከጭነት መኪኖች ጋር ታጅቦ ሊያልፍ ነው አሉ፤ ለዚህ ነው በጥድፊያ የምጽፈው። አጎታችን አብረው ሊሄዱ ፈልገው ነበር፤ ተሳፋሪ አይጫንም ተባሉ።

ደብዳቤህም ሦስቱ ዘፈን ያሉባት ሌላዋ ሚሞሪም ታጅበው በገቡት መኪኖች ትናንት ደርሰውናል፤ ለጥያቄዎችህ በየተራ ልመልስ። አባዬ አሁንም ያስለዋል ወይ ላልከው፣ ሳሉ ቆሟል። ከሦስቱ ዘፈን የቱን ወደደ ላልከው፣ የትኛውንም ከየትኛው አላበለጠም። ስልካችን የማይሠራው ሲሙ እኛ ጋ ስለሌለ ነው። ለፋሲካ ስለመምጣትህ፣ አትምጣ አልልህም፤ መንገዱ ግን እንደምትሰማው ነው።

አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለህ አንብበው።

ድምፄን ቀድቻለሁ። ሚሞሪዋ ያቺው ናት፣ ክብሪት ቀፎዋም ያው። አንደኛው ፋይል አባዬ ነው፣ ከነሳሉ። ሁለተኛው ሪዲሙ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የዳማ ጋጣ ውስጥ ገብተን፣ በጎረቤታችን በዙሀራ ስልክ ሪዲሙን እያጫወትን በኔ ስልክ ቀዳሁት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ድምፄ ተቆረጠ። «ማንም የለም፣ እኔም የለሁም በቃ» ብላ ዙሀራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችልኝ። በአራተኛው ሄደልኝ። ሳበቃ ዙሀራ ሻርፗን ነክሳ አገኘኋት።

ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። ስትሰማው ጠዋት ይሁን፣ ጎሕ ሲቀድ። ብቻህንም አትስማው፤ ፍቅረ ሥላሴን ከአጠገብህ አስቀምጠው። ሳቅብኝ ብትፈልግ፤ ግን እንዳልኩህ አድርግ። ከዚህ በፊት ለምኜህ አላውቅም።

ስጦታ

ሻሸመኔ፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

ወጣ! «ጊች ሪዲም» ወጣ! ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ አዳራሽ ተመረቀ። ሰው እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። ፍቅረ ሥላሴ ስለ ጽዮን ዘፈነ፣ ሲሲ ጥሏት ስለሄደ ልጅ፣ ሰዓድ ስለ ኑሮ ውድነት፤ ሦስቱም በዚያችው በአባዬ እንጉርጉሮ ላይ። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ እራሱ «እህህም… እህም» እያለ ይቀበል ጀመር። አስቢው፣ አባዬን የማያውቅ ሁሉ! እኔ ቤዙን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሸሚዜ እስኪርስ ጨፈርኩ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። በአራተኛው ቦታ አንዱዓለም የሚባል ልጅ ገባ። ስሙ የታወቀ ነው። የስቱዲዮው ባለቤት «እሱ ካልገባበት አላወጣውም» ብሎ ድርቅ አለ። ተከራክሬ ነበር፣ እመኚኝ።

ያንቺን ሰምተነዋል፣ ከፍቅረ ሥላሴ ጋር ሆነን፣ እንዳልሽው በጠዋት። በጣም ጥሩ ነው። ግጥሙም ደስ ይላል። ብቻ ትንሽ ዓይን አፋር ድምፅ ነው፤ ድራሙ ይውጠዋል። ለሚቀጥለው ሪዲም በደንብ አዘጋጅሻለሁ።

ለፋሲካ የቀረሁት በዚሁ ሩጫ ነው፤ አባዬን ይቅርታ በይልኝ። በጋሼ ይታያል በኩል በሌላ ሚሞሪ አራቱንም ዘፈን ልኬአለሁ። ለአባዬ አጫውቺለትና ምን እንዳለ ጻፊልኝ፣ በተለይ የአንዱዓለምን ሲሰማ። ፎቶውንም ላኪልኝ፣ ፖስተር ላይ እናወጣዋለን። ሳሉ በመቆሙ ደስ ብሎኛል።

ባርናባስ

ደባርቅ፣ ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እኔም እማዬም ደህና ነን።

ደብዳቤህ ደርሶናል። «ሰምተነዋል» የሚለውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ሳሉ በመቆሙ ደስ ያለህ መሆኑን ለእማዬ አላነበብኩላትም።

ፎቶ የለንም። መንገዱ ሲከፈት አጎታችን ቄስ ኪዳኑ ወደ አንተ ይመጣሉ።

ስጦታ

ደባርቅ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባርናባስ፣

እኔም እማዬም ደህና ነን።

ቄስ ኪዳኑ በደህና ተመልሰዋል። ጎሕ ሲቀድ በርህን እንዳንኳኩ፣ የአገራችን ሰዎች ግራና ቀኝህን እንደያዙህ፣ ወድቀህ እንዳነሡህ ነግረውናል። እማዬ «እሰይ፣ በሰው መሐል ሆኖ ነው የሰማው» አለች። ደብዳቤህንም ሰጡኝ። አንብቢልኝ ብላኝ ግማሹን ዘለልኩባት።

«የሞተ አባቴ ድምፅ ላይ አስጨፈራችሁኝ» ብለሃል። «አገር ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ቀረሁ» ብለሃል። «ሽማግሌዎቹስ ልማዳቸው ነው፤ አንቺ ግን እንዴት አስቻለሽ?» ብለሃል።

አላስቻለኝም። ነግሬህ ነበር።

በመጋቢት የላክሁልህ ሦስተኛው ፋይል በዘፈን አይጀምርም። «ወንድም ጋሼ፣ ተቀመጥ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ «አባዬ የካቲት 7 ቀን አርፏል» ይላል፣ እንዲሁ በንግግር፣ ሪዲሙ ሳይገባ። ግጥሙ ከዚያ በኋላ ነው።

ባርናባስ ወንድሜ ቆመህ አታድምጠኝ፣
የአባታችን ነገር እኔን አስቀመጠኝ።
አንደኛዋን እርምጃ የሚረግጣት ሄደ፣
ሦስቱ ብቻ ቀረ እየተንገዳገደ።

አንተም «ግጥሙም ደስ ይላል» ብለህ ጻፍክልኝ።

ያንን ያነበብኩ ዕለት መጀመሪያ አልተናደድኩም። ሚሞሪዋ ተለውጣ ይሆናል ብዬ ጋሼ ይታያልን ጠየቅሁት። «የሻሸመኔው ሹፌር በእጁ ነው ያስረከበው። ‹የእህቴ ናት፣ በኋላ እሰማታለሁ› ብሎ መደርደሪያ ላይ አኖራት አለኝ» አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቦታዬን ቀድመህ ለአንዱዓለም ሰጥተኸው ነበርና ድምፄን መስማት አፍረሃል። ማፈርን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሌላ ብዙ የማውቀው ነገር የለም። ያልሰማኸውን ሰማሁ ባትል ኖሮ፣ በግንቦት ላይ እንኳ «ገና አልሰማሁትም» ብትለኝ ኖሮ፣ «ስማው» ብዬ እጽፍልህ ነበር። ለሰማ ሰው ግን ምን ይጻፋል?

ከመጋቢት ጀምሮ «እኔም እማዬም ደህና ነን» ብዬ ስጽፍልህ ሦስተኛው ሰው የት ሄደ አላልክም።

ቦታዬን ላትሰጥ «አባቴ ይሙት» ብለህ ምለህ ነበር። እማዬ ይህን አስታውሳ «በመሐላዬ ገደልኩት ብሎ እንዳይብሰለሰል፤ አባቱ የሞተው በየካቲት ነው፣ ቃሉን ያፈረሰው ከዚያ በኋላ ነው ብለሽ ጻፊለት» አለችኝ። ይኸው ጽፌዋለሁ። የሷ ነው፣ የኔ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ቄስ ኪዳኑ አያውቁትም። በሐምሌ የአንዱዓለም ዘፈን እዚህም ደረሰ፤ ባጃጁ ሁሉ እሱን ነው የሚያጫውተው። ስለ ሴት ልጅ ዳሌ ነው፣ ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ከገበያ ስንመለስ አንድ ባጃጅ አጠገባችን አለፈ። ከዘፈኑ ሥር የአባዬ ድምፅ ይሰማል። እማዬ የተሸከመችውን ነጭ ሽንኩርት ጥላ ባጃጁን ተከትላ ሮጠች። በአባዬ ስም «አንሙት! አንተ አንሙት!» እያለች ትጣራለች። የመንገድ ልጆች «እማማ፣ ሂሳብ ሳይከፍል ሄደ እንዴ?» እያሉ ሳቁባት። የሊማሊሞ መኪኖች የሚቆሙበት ድረስ ሮጣ ደከማትና ተቀመጠች። ስደርስባት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። «ሰማሽው?» አለችኝ። «ሰማሁት» አልኩ። «አላሳለም» አለች። «አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለም። እሱ አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ ኢርፎኑን ብሰጣት እምቢ ትላለች። የአራታችሁንም ሪዲም ይህ የሌላ ሰው ነው ትላለች።

ስለዚህ ሚሞሪዋን ፈልገህ መልስልኝ። አባዬን የቀዳሁት በሷ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ሦስተኛውን ክፈተው አልልህም። ለቅሶ አርፍዶ የመጣ ሰው የራሱን ግጥም ያወርዳል እንጂ ያለፈውን ድገሙልኝ አይልም። ብትፈልግ አጥፋው። ሁለተኛው ያንተ ነው፣ የፈለግከውን ሰው አስገባበት።

አንደኛውን ግን እንዳትነካው። እማዬ ሳሉን ትፈልጋለች።

ስጦታ አንሙት